ቦይለሩን ያስቆምኩበት ቀን

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ይባረክ! አሜን ስትሉ ድምፃችሁን ዝግ አድርጉ፣ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ሰው ይሰማናል። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ እዚህ ላንቴ ቀበሌ በሙዝ እርሻ መሃል ተደብቀን ብንሰበሰብም፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብሄድ እህል አይወርድልኝም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ነበርኩ። መንግሥት ምሥራቅ ጀርመን ልኮኝ በፋብሪካ ጥገና አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠራሁ። ማሽን ሳይሰበር በፊት በተራው ቆሞ እንዲታይ ማድረግ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። ተመልሼ ስመጣ ልቤ አብጦ ነበር። ባለቤቴን ዘነበችን ተንበርክካ ሳገኛት፣ "በጊዜው የተጠገነ ማሽን ጸሎት አይፈልግም" እላታለሁ። እሷ ጸሎቷን ትቀጥላለች።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ምርት በእጥፍ ይውጣ ተባለ። እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ግን የምርመራ ጊዜው አልፏል፤ ድምፁም አላማረኝም። አስቆምኩት። በማግስቱ ሲበርድ ባትሪ ይዤ ውስጡ ገባሁ። ስወጣ የፋብሪካው ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ቆሟል።

"የታል ብልሽቱ?"

"አላገኘሁም፣ ጓድ።"

"እንግዲያው አሻጥር ነው።"

ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። በዚህ ቃል ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

"ከምሳ በኋላ ቦይለሩ ጤነኛ ነው ብለህ ፈርም፣ እሳቱ ይለኮስ፤ በተግሣጽ ትታለፋለህ። ካልፈረምክ ራስህ ታውቃለህ" አለኝ።

ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሄድኩ። ምሳ ቀርቧል፣ ማን ይበላል! "ፈርሜ ቢፈነዳ ፈረቃው ሁሉ ያልቃል፤ ባልፈርም እኔ አልቃለሁ። ዘነበች፣ እባክሽ ጸልዪልኝ" አልኳት።

"እኔማ ስጸልይልህ ከረምኩ፤ ዛሬ ራስህ ጠይቀው" አለችኝ።

ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ ካለህ፣ ያላየሁትን አሳየኝ" አልኩ። ሌላ ቃል አላውቅም ነበር። ከጉልበቴ ሳልነሣ የቀዝቃዛ ውሃው ፈተና ትዝ አለኝ፤ ቦይለሩን ውሃ ሞልቶ በፓምፕ መግፋት፣ ዓይን ያላየው ስንጥቅ ካለ ያንጠባጥባል። ተምሬዋለሁ፣ አልክድም! ግን ፍርሃት ትምህርቴን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶት ነበር። ማን አስታወሰኝ? ሃሌ ሉያ! ዝግ በሉ፣ ዝግ በሉ።

ፋብሪካ ተመልሼ ይህን ፈተና እንዲፈቅድልኝ ካድሬውን ለመንኩት፤ ሰዓቱን እያየ ፈቀደ። ፓምፑ ተነሣ። የግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፣ ቆመ። ጠበቅን። ምንም። ካድሬው ወደ ታጣቂዎቹ ዞረ። ያኔ ቀስቱ ዝቅ ማለት ጀመረ! ከብየዳው ላይ፣ እሳት የሚቆሰቁሰው ሠራተኛ በሚቆምበት በኩል፣ ውሃ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ካድሬው ራሱ በጣቱ ነካው። ፊቱ አመድ መሰለ። "ጠግነው" ብሎኝ ወጣ። ስምህ ይባረክ ጌታዬ!

ቆይቶ ቢሮው አስጠራኝ። "ሚስትህ ጴንጤ ናት ይባላል" አለኝ። አፌ እምቢ አላለኝም። "አዎ ጓድ። እኔም ነኝ" አልኩት።

ከኃላፊነቴ በዚያው ተነሣሁ። ዛሬ ቱታ ለብሼ በተራ መካኒክነት እሠራለሁ። ያ እሳት ቆስቋሽ ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርክ?" ሲለኝ፣ ደህና አደርኩ ከማለቴ በፊት ጌታን አመሰግናለሁ፤ እሱም አለ፣ እኔም አለሁ!

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ዛሬ "ፈርም" ተብሎ የተጨነቀ ካለ፣ ይጠይቀው። እኔን "ካለህ" ያልኩትን የሰማ ጌታ፣ መኖሩን የምታውቁትን እናንተንማ እንዴት አይሰማ!