ሳሙና ያቀላው ነጠላ

ይህ ነገር የደረሰብን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ስለ አሲድና ቤዝ ስንማር፣ ሊትመስ ወረቀት ቀለሙን ሲለውጥ እያየሁ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቁኝ ያጫወትኳቸውን ነው ዛሬ ለአንባቢያን የምጽፈው።

ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው። በዚያ ሰሞን እናቴ መካኒሳ አቦ አካባቢ የዘመድ ሠርግ ነበረባት። ለሠርግ የሚሆን ነጠላ ስላልነበራት ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የራሳቸውን አዋሷት። ነጠላው ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ፣ አረንጓዴ ጥበብ ያለው ነበር። እሳቸው እንኳ አንድ ቀን አልለበሱትም።

«እሑድ ከሰዓት የወንድሜ ልጅ መልስ አለብኝ፣ ያን ጊዜ እለብሰዋለሁ። እስከዚያ አንቺ መርቂልኝ፣ የሺ» አሏት።

እናቴ ሠርጉ ላይ ነጠላውን እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቀው ዋለች። ነገር ግን የሙሽራዋ አክስት በአልጫ የራሰ ትልቅ ጉርሻ ይዘው መጡ። እናቴ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብትል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አሏት። ጉርሻው አፏ ጋ ሳይደርስ ወጡ ደረቷ ላይ ጠብ አለ። እርድ የበዛበት አልጫ ስለነበር ነጭ ነጠላው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ነገር ተንጣለለ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ ወደ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄዱ። እናቴ እሳቸው ሳይመለሱ ነጠላውን ልታጥብ ውሃ ቀዳች። ከሠርጉ አብራት የመጣችው ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ብርቄ፣ እኛ ዘንድ አድራ ስለነበር አጠገቧ ቆማለች። እኔ ቤት ውስጥ እያነበብኩ ነበር።

«ኧረ በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ።

እናቴ ነጠላውን ዘርግታ በድንጋጤ ደርቃለች። ቢጫው ነገር ሳሙናው ሲነካው ደም መስሎ ቀልቷል።

«የሰው ዓይን ነው» አለች አክስቴ። «ትናንት ስንት ሰው ነው ነጠላሽን ያየው! ደግሞ ሳሙናውም የቀበሌ ሱቅ ነው፣ ምን እንደጨመሩበት ማን ያውቃል?»

«ቀስ በይ፣ አንቺ!» ብላ እናቴ የቀበሌ ሰው ሰምቶ እንደሆነ በአጥሩ በኩል ገልመጥ አደረገች።

ከዚያ ሳሙናው ያላስለቀቀውን ያስለቅቅልኛል ብላ የአመድ ውሃ አመጣች። ይባስ ብሎ ቀላ። እናቴ ነጠላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠራቸው እትዬ አስካለን ነው። «ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለች።

እኔ ግን ያንን ቀይ ቀለም አውቀው ነበር። በዚያው ሳምንት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አይቼዋለሁ። ትምህርት ቤታችን ሊትመስ ወረቀት ስላልነበረው መምህራችን ቲቸር ግርማ ከየቤታችን ሎሚ፣ አቼቶ፣ ሳሙናና አመድ አስመጡን። እሳቸው እርድ በአረቄ በጥብጠው ነጭ ወረቀት ነክረው አደረቁ። ቢጫውን ወረቀት የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ይቀላል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እኔ የፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ሁሉንም በደንብ አይቼ ነበር።

«እማዬ፣ ደም አይደለም፣ እርዱ ነው። ሎሚ ይመልሰዋል» አልኩ።

«ሎሚ? በሰው ነጠላ ላይ?»

አክስቴ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ሎሚ ዶሮ ይታጠብበታል ሲባል ነው የማውቀው። ነጠላውን እንደ ዶሮ ልትሠሪው ነው እንዴ፣ የኔ ሐኪም?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። የክፍሉ ወረቀት ቢበላሽ ይጣላል። ይህ ግን የሰው ነጠላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌ የማድቤት ጨርቅ አመጣሁ። እርድ አሸሁበትና ሳሙና ቀባሁት። ቀላ። አክስቴ መሳቋን አቆመች። ሎሚ ጨመቅሁበት። ዓይናችን እያየ ቢጫ ሆነ።

«ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ነው የምትሄደው ወይስ ጠንቋይ ቤት?» አለች አክስቴ።

እናቴ ነጠላውን አቀበለችኝ። ጥበቡን እንዳይነካ ተጠንቅቄ ሎሚውን ጠብ ጠብ አደረግሁ። ቀዩ ጠፋ። እልል ልል ስል እናቴ በሐዘን አየችኝ።

«ታዲያ ምን ተጠቀምን፣ ልጄ? ደሙን ወስደሽ ወጡን መለስሽልኝ።»

ልክ ነበረች። ሎሚው ቀለሙን መለሰው እንጂ አላስለቀቀውም። ቲቸር ግርማ ሲያሳዩን ግባችን ቀለሙን መለወጥ እንጂ ማጥፋት አልነበረም። ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወረቀቶቹን ጥላ ውስጥ ያደረቋቸው የእርድን ቀለም ፀሐይ ስለሚበላው ነው ብለውናል። ለእኛ ደግሞ የሚያስፈልገን መበላቱ ነው።

ነጠላውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ እርጥብ እንዳለ ሽቦው ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ዘረጋሁት። ሲደርቅ ውሃ እረጭበታለሁ። የጥር ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። አክስቴ ብርቄ በርጩማ አውጥታ ዘብ ተቀመጠች። ደመና ብቅ ባለ ቁጥር «ሂድ ከዚህ!» እያለች ትሰድበዋለች። ቢጫው መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ጠርዙ ጠፋ፣ በመጨረሻ የት እንደነበር መፈለግ ጀመርን።

«እጠፊውና መልሺላቸው፣ አለቀ» አለች አክስቴ።

እኔ ግን ልቤ አልረጋም። «ዓይናችን የማያየው እርድ ቀርቶ ቢሆንስ? እሳቸው በሳሙና ሲያጥቡት እጃቸው ላይ ይቀላል። ትንሽ ሳሙና ቀብተን እንየው» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አትጎርጉሪ!»

እናቴ ለሁለታችንም መልስ ሳትሰጥ የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ አስካለ ከስብሰባው ደክሟቸው ገቡ። አክስቴ እናቴን በዓይኗ «ዝም በይ» ስትላት አየሁ። እናቴ ግን ነጠላውን ከሽቦው አውርዳ ሄደችና አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ጉርሻውን፣ ሳሙናውን፣ ሎሚውን። «ይልቀቅ አይልቀቅ ገና አላረጋገጥንም። በድዬዎታለሁ፣ እትዬ» አለች።

እትዬ አስካለ ነጠላውን ገለባበጡት። «የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ።»

«ሳሙናውን አምጪ።»

ራሳቸው ጎንበስ ብለው አሹት። ነጩ አረፋ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ክር የምታህል ሮዝ መስመር ብቅ አለች። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቺ ናት?» አሉ እትዬ አስካለ። «ሎሚሽን አምጪ፣ እኔ ልሞክረው።»

ጨመቁ። መስመሯ ጠፋች። «ወይ ጉድ!» አሉና እንደገና ሳሙና ቀቡ። መጣች። እንደገና ሎሚ። ሄደች። እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቁ ያመጧታል፣ ይሰዷታል። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ስንጠብቅ የነበርን ሴቶች ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አክስቴ ናት መልሱን ያስታወሰቻቸው።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ ይጠብቁዎታል!»

«ይጠብቁኛ! እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

በመጨረሻ አለቅልቀው፣ አስጥተው፣ ገና በደንብ ሳይደርቅ አጣፍተውት ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሠርግ ወር ሲመጣ እናቴ ሳትጠይቃቸው ያንኑ ነጠላ አጥፈው ይዘው መጡ። «አልጫ ካለ ሎሚ በቦርሳሽ ያዢ» አሏት።

ዛሬ በቤተ ሙከራችን መልካም ዕቃ አለ፣ ሊትመሱም ሞልቷል። ሪፖርቴን ሠርቼ ሳስረክብ ደስ ይለኛል። ስለዚያ እሑድ ሳስብ ግን የበለጠ ደስ የሚለኝ ሎሚው ስለሠራ አይደለም። ሳሙናው ምን እንደሚያሳይ ገና ሳታውቅ እናቴ እውነቱን ስለተናገረች ነው።