የቻይናው እድርተኛ

የሚበየድ ብረት ሽታ ደስ ይለኛል ብልህ ታምነኛለህ? አትመን፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። እዚህ ባሕር ዳር ከበር ሠሪዎቹ ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር ያ ጭስ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ይቆማል። ትናንት ልጄ፣ "እማዬ፣ ዓይንሽ ይጠፋል፣ እንሂድ" ብላ እጄን ጎተተችኝ። የቆምሁት እሳቱን ለማየት መስሏት ነው። እኔ ያሰብሁት የድሮ ተከራያችንን ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደውን መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች አንዱ፣ ብረት በያጁ፣ የግቢያችንን የኋላ ክፍል ተከራየ። ከሥራ ሲገባ የልብሱ የብረት ጭስ ከሐይቁ ከሚመጣው የደንገል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ግቢውን ይሞላው ነበር። አማርኛን ከእናቴና ከጎረቤት ለቃቅሞ፣ ሴቱን "አንተ" ወንዱን "አንቺ" እያለ ያስቀን ነበር። አራሚዋ እኔ ነበርሁ፤ ደግሞም ጎበዝ አራሚ።

አንድ ቀን ጎረቤት ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሲወጣ አየ። ድንኳኑ ሲተከል፣ ቃሬዛው ከትከሻ ትከሻ ሲተላለፍ አየ። ማምሻውን በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ "እኔ እዚህ ብሞት ማን ያነሳኛል?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ እድር እንዲያስገቡት አባቴን ለመናቸው፤ አባቴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበሩ።

አባቴ እሺም እምቢም አላሉ። ሰፈሩ ግን ወሬውን ሰምቶ ተንጫጫ። መንገዱ ሲያልቅ ጥሎን ይሄዳል ያለ ነበር፤ የልጆቻችንን ሥራ መውሰዳቸው አንሶ እድራችንንም ሊወስዱ ነው ያለም ነበር። ወሬው ሲበዛ አባቴም ወደዚያው አዘነበሉ፤ ራት ላይ "እድር እኮ ለአገር ሰው ነው" አሉ።

እኔ ዝም ማለት መቼ ፈጠረብኝ! የታሪክ መምህራችን በዚያው ሰሞን በድሮዋ አሜሪካ ስለነበሩ ቻይናውያን አስተምሮን ነበር። ተራራ ሰርስረው የባቡር ሐዲድ የዘረጉ፣ ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ግን ሥራችንን ወሰዱብን ተብለው የተሳደዱ፣ በሕግ በር የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው። ይህንኑ ለአባቴ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ አዳመጡኝ።

"እዚያ የሞቱትንስ ማን አነሳቸው?" አሉ።

"እርስ በርሳቸው ነዋ። ማኅበር ነበራቸው፤ አጥንታቸውን ለቅሞ በመርከብ ወደ አገራቸው ይልክላቸው ነበር" አልኋቸው።

አባቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱት። "እድር ነበራቸው በይኛ" አሉ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ክርክሩ ጦፈ። ቀብሩ የት ሊሆን ነው ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነበር። አባቴ ተነሡና፣ "ቀብሩን ኤምባሲው ይጨነቅበት። የእኛ ሥራ ማንሳት ነው። ሰው አላነሳም የሚል ካለ እጁን ያውጣ" አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። አባቴ እንዲህ ነበሩ፤ አንዴ ካመኑበት የሚመልሳቸው የለም። በያጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ እድርተኛ ሆነ፤ ድንኳን ለመትከል የሚቀድመው አልተገኘም።

ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ታመሙ፤ ከተኙበት አልጋም አልተነሡም። በቀብራቸው ቀን በያጁ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ፤ በአገሩ የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸክሞ፣ ተካኝ ሳይል ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ እያለቀስሁም ኮራሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ተራ በተራ እየተነሣ እናቴን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላታል። የእሱ ተራ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቶ ከፊቷ ጎንበስ አለ። እስከዚያ ቀን ድንኳን ይተክላል እንጂ ገብቶ ሐዘንተኛ አጽናንቶ አያውቅም። ሰው በተሰበሰበበት የሚባል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱንም የተማረው የፋሲካ ዕለት ነው።

"እንኳን አደረሰሽ" አላት። በዚህ ጊዜ ሴቱን ከወንዱ እንኳ አላምታታም።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ አራሚዋ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። አንድ ሽማግሌ ሊቆጡት አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ በእጇ አስቆመቻቸው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ያዘችና፣ ድምፅዋ በለቅሶ እንደተዘጋ፣ ልክ ለበዓል እንደሚመለሰው መለሰችለት።

"እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ።"