አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃልሎ ሲታሰር ስንት ወረቀት ይሆናል? ወልደአማኑኤል ይህን በግምት ሳይሆን በጣቱ ያውቀው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራተኞችን የግል ማህደር ሲጠብቅ ኖሯል፤ መጀመሪያ በዳሪሙ ወረዳ፣ በኋላ በመቱ ከተማ። የትጉህ ሠራተኛ ማህደር ሁለት ጣት ይወፍራል። የነገረኛ ሰው አራት ጣት፣ አንዳንዴም በሲባጎ ካልታሰረ አይዘጋም። ጡረታ የወጣ ዕለት የራሱን ከመደርደሪያ አውርዶ ለካው። ግማሽ ጣት።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጃለኔ ነገራት።

«ግማሽ ጣት! ሠላሳ አንድ ዓመት!»

«ታዲያ ምን ጎደለህ? አልከሰሱህ፣ አላባረሩህ» አለችው ጎመኗን እየቀነጠሰች። «ደግሞ ጭቃ ጫማህን ይዘህ ገባህ።»

ሰፈሩ ግን ሥራ አላሳጣውም። ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ የእድሩ ጸሐፊ ሆነ፤ ከጸሐፊው ሥራ አንዱ ደግሞ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት ነው። ወልደአማኑኤል የቢሮ ሰው ነውና ነገሩን በቅጽ አደረገው። ስሙ፣ ቀኑና የልጆቹ ቁጥር ባዶ ሆኖ ሌላው ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ይቀመጣል፦ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት ያሳደጉ። ስሙን ይሞላል፣ የልጆቹን ቁጥር ይሞላል፣ ያነባል። ሰው ያለቅሳል።

በ2014 ሐምሌ እትዬ ተሻለች አረፉና እናት አባታቸው ወደተቀበሩበት ወደ ጎሬ ወስደው ቀበሯቸው። እትዬ ተሻለች ዕድሜ ልካቸውን ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ዝናቡ ጃንጥላውን እንደ ከበሮ ይደልቀው ስለነበር ወልደአማኑኤል ከዚያ በፊት ለሞተ ሰው የሞላውን ወረቀት ይዞ መምጣቱን አላስተዋለም፤ ስማቸውን ወረቀቱን ሳያይ በቃሉ እየጠራ «አምስት ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት ያሳደጉ» ብሎ አነበበ። ከራሱ በቀር የደነገጠ የለም። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዳንዱም እንባውን ጠረገ።

ወደ መቱ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው ጨርቅ ነጋዴው ሚፍታህ ነበር። ሱቁ ከወልደአማኑኤል ቤት ፊት ለፊት ነው።

«ጋሼ ወልዴ» አለ ሚፍታህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ተሻለች አምስቱን ልጆች የት ደብቀዋቸው ነው የኖሩት?»

«ሰምተኸኛል እንዴ?»

«ሰማሁ እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ብቻዬን ልሳቅ?»

ሚፍታህ እስከ መቱ ድረስ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ወልደአማኑኤልን ግን አንድ ሐሳብ ያዘው። ነገ እሱ ሲሞት ማን አዲስ ይጽፋል? ከመሳቢያው ያንኑ ያወጡታል። የሺህ ሰው ማህደር እንዳይቀላቀል ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ በሌላ ሰው ታሪክ ሊቀበር ነው። ሰው በቁሙ ምን እንደነበረ ካላወቀ፣ ከሞተ በኋላ ሌሎች ያውቁለታል ብሎ ምን ያስመካዋል?

በዚህ መሐል ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጅማ የምትማረው ብቸኛ ልጁ ዳናዊት በቴሌግራም አንድ ነገር ላከችለት። «አባዬ፣ አዲስ ዓመት ሳይገባ ራስህን እወቅ። ሃያ ጥያቄ ብቻ ነው።» መነጽሩን ወልውሎ ተቀመጠ። ውጤቱ «ጠንቃቃው ዘበኛ» አለው። ደስ አላለውምና ደገመው፤ «ጀብደኛው መርከበኛ» ሆነ፤ ከሶር ወንዝ የበለጠ ውኃ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ። ሦስተኛው ላይ «የድግሱ ድምቀት» ሲባል ጃለኔ ጎመኑን ጥላ ተነሣች።

«የድግሱ ድምቀት! በወንድሜ ሠርግ ጥግ ይዘህ ጋዜጣ ያነበብከው ሰውዬ!»

ወልደአማኑኤል ለልጁ ደወለ። «ልጄ፣ በአንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ሆንኩልሽ።»

«አባዬ፣ መልስ እየቀያየርክ ነዋ!»

«ስህተቱ እሱ አይደለም። ስህተቱ ባለቤቱን መጠየቁ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሞላውን ቅጽ ሠላሳ አንድ ዓመት አገላብጫለሁ። እውነት የለበትም። ጎረቤት ነው የሚጠየቀው።»

እናም የራሱን መጠይቅ አዘጋጀ። ለአሥራ ሦስቱ ወራት አሥራ ሦስት ጥያቄ፣ በአማርኛና ጃለኔ ባረመችለት በኦሮምኛ። ዝናብ ድንገት ቢይዝዎ የማን በረንዳ ሥር ይጠለላሉ? ይቅርታ ሊሉት ፈልገው ያልደፈሩት ሰው አለ? ትልቁ ድክመትዎ ምንድን ነው? አሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ጎረቤቱ ዓመቱን መለስ ብሎ ራሱን እንዲያይ የሚረዱ ነበሩ። እሱን እንቅልፍ የነሣው አሥራ ሦስተኛው ነው፦ «ወልደአማኑኤል ምን ዓይነት ሰው ነው? ሳይፈሩ ይጻፉ።»

ችግሩ እጁ ነበር። የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም። ከላይ «ቁጥር» እና «ቀን» ብሎ መስመር አሰመረ፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ ራስን ስለማወቅ» አለ፣ ከግርጌ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለማህደር» ብሎ ዘጋ። ሠላሳ ቅጂ አስባዝቶ ጳጉሜ አንድ ቀን በየቤቱ አደለ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ቅጾቹ መመለስ ጀመሩ። ከእያንዳንዱ ጋር የመታወቂያ ቅጂና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ተያይዟል። አዴ ሳያት «ትልቁ ድክመትዎ» በሚለው ሥር «የራሴ የመብራት ቆጣሪ የለኝም» ብለዋል። አናጢው ኩመራ የሚፈራው ነገር እንዳለ ሲጠየቅ «ምንም አልፈራም፤ በየትኛውም ወረዳ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ሲል ፈርሟል። ዝናብ ቢይዝዎ ለሚለው ከግማሽ በላዩ «በቀበሌው በረንዳ» ብሎ መለሰ። ጳጉሜ አራት ቀን ቅጽ ያልደረሳቸው ሰዎች በሩ ላይ ተሰለፉ።

«ጋሼ፣ ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«የምን ምዝገባ? ራስን ማወቅ ነው!»

«እሱማ ገብቶናል» አለ አንዱ ጠቀስ አድርጎት። «ቦታው ስንት ካሬ ነው?»

ጃለኔ ከጓዳ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ወልደአማኑኤል በሩን ዘግቶ አሥራ ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው፦ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ። ሁለተኛው፦ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ። አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ያው። የገዛ ወረቀቱ ነበር። ሰዉ በየቀብሩ ሲሰማው ኖሮ በቃሉ አጥንቶታል። የሚፍታህማ ይባስ ብሎ «አምስት ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት ያሳደጉ» ይላል።

ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሚፍታህ አቡጀዲ ይለካ ነበር።

«እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ!»

«አራቱን ከእትዬ ተሻለች ወስጄልዎት ነው፣ ጋሼ። እሳቸው አይፈልጓቸውም።»

«አትቀልድ። አንድ እውነት ንገረኝ፤ አንድ ጥፋቴን።»

ሚፍታህ መቀሱን አስቀመጠ። «ልንገርዎት? ጥቁሩን ጃንጥላዬን በ2011 ተውሰው እስካሁን አልመለሱም። ባለፈውም ጎሬ የያዙት እሱን ነው። እኔ አጠገብዎ ቆሜ እየበሰበስኩ።»

ወልደአማኑኤል ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ በመሳቢያው ወረቀት ላይ የለም። የሌላ የማንም ሰው አይደለም፤ የእሱ ብቻ ነው።

«እሱን ጻፍልኝ! እዚችው ላይ!»

«በጽሑፍ? አላደርገውም።»

«ጃንጥላውን አሁን አመጣልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ጻፍ።»

«ጃንጥላውን ያምጡ፤ መጻፉን ግን አልጽፍም። እኔ በወረቀት ሰው አልከስም፣ ጋሼ።»

ወደ ቤቱ ተመልሶ ጃለኔን ለመናት። እሷ እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ ጥፋቱን ስትዘረዝር የምትውል ሴት ናት፤ ማንኮራፋቱን፣ ጭቃ ጫማውን፣ ቡሬ ያሉትን እህቶቿን ሁለት ዓመት አለመጠየቁን። እስክሪብቶውን ሲሰጣት ግን ጥፋት አጣችበት።

«ማል ታቴ? ምን ነካህ?» አለችው። «ስናገርህ ይወጣልኛል፣ አንተም ትረሳዋለህ። ወረቀት ግን ይቀመጣል። የአንዲት ገጽ ማስጠንቀቂያ የሰው ዕድገት ስትበላ አይቼ መጣሁ ብለህ የነገርከኝ አንተው አይደለህም? ያንተ ማህደር ግማሽ ጣት ሆኖ ይቅር። እኔ አላወፍረውም።»

ወልደአማኑኤል እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሰው የሚወደውን ሰው እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው ለካ፤ ማህደሩን ባዶ አድርጎ። ገብቶታል፤ ግን አላጠገበውም።

በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ፣ የእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ይዞ ቆመና አነበበ። ሲጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ገመቺስ ተነሥተው «ጸሐፊያችን ምን ያህል ትሑት እንደሆኑ ይህ ምስክር ነው፤ ትሑት የሚለው በወረቀቱ ላይ ይጨመር» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በመሳቢያው ወረቀት ላይ «እንግዳ ተቀባይ» ከሚለው ቀጥሎ እስከ ዛሬ አለ፤ ለማንም ይነበባል።

ደብዳቤው ደግሞ በእድሩ ማህደር ውስጥ ተያይዟል። እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ የሕይወት ታሪኬን ይመለከታል። እኔ ወልደአማኑኤል በሞትኩ ጊዜ በመሳቢያ ያለው ወረቀት እንዳይነበብ፣ በምትኩ ከጎረቤቶቼ አንዳችሁ አንድ ጥፋቴን፣ አንድ ብቻ፣ ከዚህ በታች ባለው መስመር ላይ በእጃችሁ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ከሥሩ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ባዶ ነው።