በመዝገቡ ላይ ያሰመርኩት መስመር

ትናንት ጎመን የቀቀልኩበትን ድስት ያለ ጨርቅ ላወርድ ስል ጣቴን ፈጀኝና ከአፌ የወጣው ቃል «ተመስገን!» የሚል ነበር። ልጄ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ሰው ሲቃጠል ይጮኻል እንጂ ያመሰግናል እንዴ?» አለችኝ። ጣቴን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ አልኩና የአለሚቱን ነገር አጫወትኳት። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባጃጅ ዲላን ገና መልመዱ ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይነግድ ስለነበር ባንኮኒው ጀርባ እንድቆምለት ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን «ጽሑፍ ይሻለኛል» ብዬ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ክሊኒኩ ዛሬ የለም፤ ስሙም ይቅር። ሥራዬ ሐኪሞቹ ካርድ ላይ የጻፉትን በሽታ እያነበብኩ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር መለያ ቁጥሩን ፈልጌ በትልቁ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። ወባ የራሱ ቁጥር አለው፤ የሳንባ ምችም እንደዚሁ። ዝርዝሩ ላይ የሌለውን ሁሉ «ሌላ» እንለዋለን። ፈጣን ነበርኩ፤ በፍጥነቴም እኮራ ነበር። ሐኪሙ «ሊሆን ይችላል፣ ይጣራ» ብሎ ሲጽፍ እንኳ እኔ የምመዘግበው በሽታውን ብቻ ነበር፤ ለጥርጣሬ የተሰጠ ቁጥር አልነበረማ። ሁላችንም የምንሠራው እንዲያ ነው።

አለሚቱ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ካለችው ከኮንጋ ናት። ያኔ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ ቡናው ከተሰጣበት የሽቦ አልጋ ዳር ቆማ ብልሹውን ፍሬ ትለቅም ነበር። አንድ ቀን ቆጮ ስትጋግር የተቃጠለ ነገር ሸተታትና ቆጮውን ገልብጣ አየችው፤ ደህና ነው። የተቃጠለው የገዛ ጣቷ ነበር። ምንም አልተሰማትም። ክሊኒካችን ስትመጣ ያያት ሐኪም «ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ ይጣራ» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ የሥጋ ደዌን ቁጥር አሰፈርኩ። ጣቢያው የጤና ማስረጃ አምጪ ሲላት ከዚያው መዝገብ ገልብጠን፣ ማኅተም መትተን ሰጠናት።

ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። እስቲ ይህን ለሰው አስረዱ! የጣቢያው አስተዳዳሪ ወረቀቱን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። አለሚቱ የዚያኑ ቀን ከሥራ ተባረረች። ጎረቤት ከእጇ መቀበል ተወ። የባሏ እናት የምትበላበትን ሳህን ለዩባት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ክሊኒካችን አዲስ የመጣ ወጣት ሐኪም እንደገና መርምሯት ኖሮ ነገሩ አላማረውም። ጥጥ ሲያስነካት ታውቃለች፤ መርፌና ሙቅ ውሃ ግን አታውቅም። ሥጋ ደዌ ቢሆን ኖሮ ጥጡም ሳይጠፋት አይቀርም ነበር። ኤም አር አይ እንድትነሣ አዲስ አበባ ላካት። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ፣ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝና እኔንም ጠራኝና በእስክሪብቶ እየሣለ አስረዳን። ሕብለ ሰረሰሯ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። አንዳንዱ ሰው ከአፈጣጠሩ የአንጎሉ የታችኛው ክፍል ወደ አንገት ዝቅ ብሎ የውሃውን መንገድ ስለሚዘጋ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ ከዕጢ፣ አንዳንዱም ከማጅራት ገትር በኋላ።

«አንቺስ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አዎ፣ ስምንት ዓመት ሆነው። ቡና ተሸክሜ ከዱመርሶ ዳገት ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝ። አንገቴን ነው የመታኝ። ሁለት ወር ተኛሁ፣ ዳንኩ፣ ረሳሁት።»

«እሱ ግን አልረሳሽም» አላት። የተጎዳው ቦታ ዓመት ከዓመት ውሃ እያጠራቀመ፣ የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚያልፍበትን ነርቭ ተጭኖት ኖሯል።

አለሚቱ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ ታዲያ ያን ወረቀት ማነው የጻፈው?»

መዋሸት እችል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የጻፍሽው አንቺ፣ የምታጠፊውም አንቺ» ብቻ አለችኝ።

ካርዱን ይዤ አለቃዬ ጋሽ ታምራት ዘንድ ገባሁ። ጋሽ ታምራት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስርዝ ድልዝን ግን ከኃጢአት ይቆጥሩት ነበር። «ሪፖርቱ ወደ ጤና ቢሮ ሄዷል። የተመዘገበ አይሰረዝም» አሉኝ። «አዲሱን ‹ሌላ› በይውና እለፊ። ዝርዝራችን ላይ እንዲህ የሚባል በሽታ የለም።»

«ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ሴትዮዋም የለችም?»

«ብርቄ! አፍሽን ያዢ።»

አልያዝኩም። ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብዬ ክርክሩን ተውኩትና ቁምሳጥኑ ላይ አቧራ የጠጣውን ወፍራም የበሽታ መለያ መጽሐፍ አወረድኩ። ማንም ሲገልጠው አይቼ አላውቅም። እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አገኘሁት፤ ጂ ዘጠና አምስት ነጥብ ዜሮ። በሽታውን ዓለም ያውቀዋል፤ የጠፋው ከእኛ ግድግዳ ላይ ነው።

«ከሰረዝሽ ፈርመሽ ነው፤ መዘዙም የራስሽ ነው» አሉ ጋሽ ታምራት።

«ስጽፈውም የኔው እጅ ነበር» አልኳቸው። በአሮጌው ቁጥር ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ፤ ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፍኩ፤ ስሜን ከነአባቴ አስፍሬ ፈረምኩ። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ቅዳሜ፣ ሐኪሙ የፈረመበትን አዲስ ማስረጃ ይዘን ከአለሚቱ ጋር ወደ ኮንጋ ሄድን። እስከ ይርጋ ጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ከነአሽከርካሪው ሦስት ሆነን በአንድ ሞተር። ኅዳር ነበር፤ ቀይ ቡና የሚለቀምበት፣ የተፈለፈለው ገለባ ኮምጣጣ ሽታ ገና ከሩቅ የሚቀበልበት ወር። ብዙ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ እወደዋለሁ። የጣቢያው አስተዳዳሪ ወረቀቱን በዓይኑ አነበበና «እሺ፣ ሰኞ ነይ» ብሎ ኪሱ ሊከተው ሲል አለሚቱ መንገድ ዘጋችበት።

«ጮክ በል» አለችው።

«ምን?»

«ያኔ ጮክ ብለህ ነው ያነበብከው። ዛሬም ጮክ ብለህ አንብብ።»

ለቃሚዎቹ ሴቶች እጃቸውን ከቡናው ላይ አነሱ። ሰውየው ወዲያ ወዲህ አየ፤ ማምለጫ የለም። አነበበ። «ሕብለ ሰረሰር» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ አደናቀፈው። «ከመውደቅ የመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ» እስከሚለው ድረስ አስጨረሰችው። ከአልጋው ዳር አንዲት አሮጊት ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ሰኞን አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መልቀም ጀመረች።

በኋላ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ውሃውን አስወጡላት። ሕመሙ ባለበት ቆመ፤ የሄደው ስሜት ግን አልተመለሰም። ዲላ ገበያ በመጣች ቁጥር ቤቴ ጎራ ትላለች። ሻይ ሳቀርብላት ብርጭቆውን ከመንካቷ በፊት «ይፋጃል?» ትለኛለች፤ እኔም ቀድሜ ይዤ እነግራታለሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ «ደብዳቤውስ?» አለችኝ። ሣጥኔን ከፍቼ አወጣሁላት፤ ከምስክር ወረቀቶቼ ሁሉ በላይ ነው ያስቀመጥኩት። ጣቴ አሁንም ይለበልበኛል። ልጄ ወረቀቱን ዘርግታ በልቧ ማንበብ ስትጀምር ከለከልኳት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አልኳት።