ድንች በመደብ ላይ

በልማት ሠራተኝነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ሙሉጌታ አንድ ጆንያ የዘር ድንች አስረከቡኝና «የደጋ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «የለም፣ የወረታ ልጅ ነኝ። ድንች የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው» አልኋቸው። ኮሌጅ የተማርሁትን ሁሉ ትቼ ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሳቸው አልሳቁም። «ድንች በጓሮ በአራት ዘዴ ይለማል፤ በመደብ፣ በገለባ፣ በጎማና በጆንያ። አንድ ፈቃደኛ ቤት ፈልጊና አራቱንም አሳዪ። አንዱ እንኳ ቢሳካ ጎረቤቱ ይከተላል» ብለው ሸኙኝ።

ፈቃደኛ ቤት መፈለግ አላስቸገረኝም። የቄስ ተገኘ ባለቤት እትየ የሽ ጆንያውን ከባጃጁ ሳወርድ አየችና ሮጣ መጣች። የደጋው የፋርጣ ልጅ ናት፤ ድንች በልታ ያደገች። ወደዚህ ወደ ፎገራ ሜዳ ስትዳር እናቷ «ልጀን ድንች ለማያበቅል አገር ሰጠኋት» ብለው ማልቀሳቸውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

«በየዓመቱ ለመጋቢት አቦ ማኅበር ወንድሞቸ ሲወርዱ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክመው ይመጣሉ» አለች። «እንደ ችግረኛ ይሰፍሩልኛል። ዘንድሮ ከገዛ ጓሮየ አብልቻቸው፣ ለእናቴም ቋጥሬ መላክ ነው የምፈልግ። ይሆንልኛል?»

«ይሆናል» አልኋት። አፌ ነው የተናገረው፤ አፈሩን ግን አላመንሁትም። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል።

ለቄስ ተገኘ አሠራሩን አስረዳኋቸው። «አባ፣ መጀመሪያ በጓሮ በኩል መደብ ይሥሩ። ከዚያ ድንቹን መደቡ ላይ በመስመር በመስመር ያስቀምጡታል፤ ዐይኑ ወደ ላይ ይሁን።» ቄሱ በጥሞና ሰሙኝ። «መደብ መሥራት ለእኔ ምን አላት!» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ለሥልጠና ሄድሁ።

ተመልሼ ስመጣ የጓሮው አፈር አልተነካም። ከቤቱ የኋላ ግድግዳ ሥር፣ ከጣራው ክፈፍ በታች፣ ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት መደብ ተሠርቷል። በጭቃ ተመርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ ያበራል። ድንቾቹ ላዩ ላይ እንደ ማኅበርተኛ በተርታ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ዐይናቸውን ወደ ላይ አንጋጠዋል።

«አባ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«መደብ ነዋ! ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ እንግዳም ቢመጣ ይተኛበታል።»

«እኔ እኮ የአፈር መደብ ነው ያልሁ!»

«ታዲያ ይኸ ከምን ተሠራ ልጀ? ከስሚንቶ?»

ልቆጣ ብዬ ሳቅ ቀደመኝ። እትየ የሽ ግን አልሳቀችም። «አቦ አይጠብቀንም፤ እናንተ ትቀልዳላችሁ» ብላ ዶማ አመጣች። ድንቾቹን ሳነሣቸው በጥላው ውስጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ አውጥተዋል። ለመትከል እንደዚህ ያለ ቡቃያ ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ መደቡን እንዲያፈርሱ አልተናገርሁም።

አራቱንም ዘዴ በአንድ ሰሞን ተከልን። ቄሱ የሩዝ ገበሬ ናቸው፤ ውሃ ሲፈስ ማየት አይሆንላቸውም። ድንቹ የሚተከልበትን የአፈር መደብ ከፍ አድርገን ሠርተን ስሄድ፣ እሳቸው ዙሪያውን እንደ ሩዝ ማሳ ከትረው ከጉድጓድ ውሃ ሞሉበት። «ሲጠማው ይጠጣ ብየ ነው» አሉኝ። ድንቹ ሲጠጣ ሰንብቶ በሰበሰ። ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ደረሰ፤ ቄሱ ራሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ አፍንጫቸውን ይዘው ገቡ።

ለገለባው ዘዴ የሩዝ ገለባ ሞልቶ ነበር። ድንቹን መሬት ላይ አስቀምጦ በገለባ ወፍራም አድርጎ መሸፈን ነው፤ ቁፋሮ የለውም። ይህን ለሰው አስረዳሁ እንጂ ለላሚቱ አላስረዳሁም። ድንቹ መያዝ ሲጀምር ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ገባች፤ የሩዝ ገለባ ለእሷ ምሳ ነው። ፀሐይ የመታው ድንች አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴ ድንች ደግሞ ይመራል፣ ሆድ ያማል፣ አይበላም። እትየ የሽ ላሚቱን በበትር አባረረቻትና ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ጎማውን ያመጣሁት ወረታ መንገድ መገንጠያው ላይ ካለ ጎሚስታ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን አፈር ሞላንበት። ደጋ ላይ ጎማው ለድንቹ ሙቀት ይይዝለት ይሆናል። ፎገራ ላይ ግን የበጋ ፀሐይ ሲያርፍበት ድንቹን በቁሙ ቀቀለው። ቄሱ እጃቸውን አስገብተው ቶሎ አወጡ። «ጨው ብቻ ነው የቀረው» አሉ።

ጆንያው ቀረ። ጆንያውን ታችኛው በኩል ቀዳዳ ታበጁለታላችሁ፤ አፉን ወደ ታች ትጠቀልሉታላችሁ፤ አፈር፣ የወንዝ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ስንዝር ያህል ትሞላላችሁ። ድንቹን ትተክላላችሁ። ግንዱ ባደገ ቁጥር አፈር እየጨመራችሁ ጆንያውን ትዘረጋላችሁ። ይኸው ነው። በተከላው ሰሞን የት እናስቀምጠው ሲባል ግን ጓሮው በቄሱ ውሃ ጨቅይቷል። ዞር ብል ያ የተለቀለቀ መደብ ባዶውን ተቀምጧል፤ ከፍ ያለ፣ ከቀትር ፀሐይ የተጠለለ፣ ለላሚቱም የማይመች። ጆንያዎቹን እሱ ላይ አስቀመጥን።

ቄሱ በቀዳዳው ውሃ ሲንጠባጠብ አይተው ተጨነቁ። «ልጀ፣ እየፈሰሰ ነው!» «እንዲፈስ ነው አባ።» በማግስቱ ከየጆንያው ሥር ሳፋ ደቅነው አገኘኋቸው። የተጠራቀመውን ለላሚቱ ያጠጣሉ። ሚስታቸውንም «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ» እያሉ ይተርቧታል። እሷ ጠዋት ማታ ጆንያዎቹን ትዳብሳለች።

አቶ ሙሉጌታ ለጉብኝት መጥተው መደቡን በርቀት አዩት። «ይኸ የትኛው ዘዴ ነው?» «የተሻሻለ መደብ ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «የተሻሻለው መደብ» ሲሉ እሰማለሁ፤ አላረምኋቸውም።

ለአቦ ወንድሞቿ እንደ ልማዳቸው ጆንያ ተሸክመው ከተፍ አሉ። እትየ የሽ ከራሷ ጆንያ አንዱን ገልብጣ፣ ቀይ የድንች ወጥ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ዳምጤ ጎርሶ አጣጣመና «የእኛ ድንች ቆላ ወርዶም ጣዕሙን አይለቅም» አለ።

«የእናንተ አይደለም» አለች።

«ታዲያ የማን ነው? ያምናው ነዋ!»

እትየ የሽ ክንዱን ይዛ፣ እኛንም አስከትላ ወደ ጓሮ ወሰደችውና «ይኸን ገልብጠው» አለችው። ጋሽ ዳምጤ ጆንያውን መደቡ ላይ ደፋው። ድንቹ ተንከባለለ፤ ከመደቡም እየዘለለ እግሩ ሥር ወደቀ። ጋሽ ዳምጤ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ፣ አፈሩን ጠረገና በጥፍሩ ላጥ አደረገው።

«አንች ልጅ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይኸን ይዘሽ ነው ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ያሸከምሽን?»

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። እትየ የሽም ከሁሉ ይልቅ ሳቀች፤ እየሳቀችም ከድንቹ መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ለእናቷ ቋጠረች።

ሰንበት ብሎ ጋሽ ዳምጤን ወረታ ገበያ አገኘሁት። «እናታችሁ ድንቹን ወደዱት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ አልቀመሰችውም! መደቧ ላይ ደርድራ ለመጣ ለሄደው ታሳያለች። ‹ልጀ ያበቀለችው ነው› ትላለች። አሁንማ ሁሉም አቆጥቁጧል።»

አዲስ የምትቀጠሩ ልጆች፣ ለሰው «መደብ ሥራ» ከማለታችሁ በፊት በዚያ ቤት መደብ የሚባለው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ተሳስቶ ከሠራውም ቶሎ አታፍርሱት። ጆንያውን ቀዳዳ አብጁለት፤ ላሚቱን በደንብ እሰሩ።