የእናቴ የልኬት ደብተር

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር አትወድም። ተከራይተን ከምንኖርበት ቤት በላይ ያለው ጎረቤት ግን ትዕግሥቷን አስጨረሳት። ከበረንዳው እጣቢ ሲደፋ፣ ሰፍታ የሰቀለችው የደንበኛ ልብስ ላይ ያርፋል። ብትነግረው "ምን ታመጫለሽ?" አላት።

ያኔ የትከሻና የወገብ ልክ ከምትጽፍባቸው ደብተሮች አንድ አዲስ አወጣች። የደፋበትን ቀንና ሰዓት፣ ያበላሸውንም ልብስ አንድ በአንድ አንድ ወር ሙሉ መዘገበች። ከዚያ ይዛኝ ወደምንኖርበት ሕንፃ አስተዳዳሪ ቢሮ ሄደች።

አስተዳዳሪው ቁጭ በሉ እንኳ ሳይለን አቤቱታዋን ሰማና፣ "እርስዎስ ጎረቤት አስቸግረው አያውቁም?" አላት። ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"መጀመሪያ ገጽ አንድን ያንብቡ" አለችው።

ጮክ ብሎ አነበበ፦ "እሑድ ጠዋት። የስፌት መኪናዬ የጎን ጎረቤቴን ጨቅላ ቀሰቀሰብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ከመኪናው ሥር ብርድ ልብስ አነጠፍኩ።"

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላትና "ይቀመጡ፣ እናቴ" አላት።

በማግስቱ ጎረቤታችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እኔ የምኮራው ግን በዚያ አይደለም። ክስ ስትጽፍ ከራሷ የጀመረች እናት አለችኝ።