ክሩን የመዘዝኩት ካሴት

በስደት ከተማችን ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር ጓደኛዬ ከመጀመሪያ ደሞዙ የገዛት አንዲት ካሴት ነበረችው። ኒው ጃክ ስዊንግ የሚሉትን የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወቱ የአራት ወጣቶች የመጀመሪያ አልበም ናት፤ ዜማው ለስለስ ያለ የፍቅር፣ ምቱ ግን አላስቀምጥ የሚል። ጠዋት ለሥራ ሲለባብስ ይከፍታታል፤ እኔም ጥርሴን እየቦረሽኩ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ያኔ ይሄ ነኝ የምለው ነገር አልነበረኝም። ሥጋ ገዢው እሱ ነበር። «የእስላም ሥጋ በላ» የሚለኝ ዘመድ እዚህ የለ፣ አብረን እንበላለን።

ከዚያ ጌታን ተቀበልኩ። ያኔ እኛ ዘንድ አዲስ የዳነ ሰው ዓለማዊ ካሴቶቹን ሰብስቦ ክራቸውን እየመዘዘ ይጥላል። አንድ ቅዳሜ የራሴን ጨረስኩና እጄ አላርፍ ብሎ የሱንም አነሳሁ። ክሩን ወለሉ ላይ ስጎለጉል ከሥራ ገባ።

«የሰይጣን ነው! እዚህ ቤት አይኖርም!» ብዬ ጮህኩበት።

ጉድ እኮ ነው፣ የቤቱ ውል በሱ ስም ነበር! በሳምንቱ ውሉን ለኔ አዛውሮ፣ ዕቃውን ጭኖ ጎረቤት ከተማ ኦሮራ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ባለፈው ወር ልጄ ያንኑ አልበም፣ ያውም በካሴት፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ኦርደር አደረገችልኝ። ኪሴ ከትቼው ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የጓደኛዬ ሱቅ ሄድኩ።

«ይቅር በለኝ፤ ልጅነት ነው፤ ለጌታ የቀናሁ መስሎኝ ነው» አልኩና ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

አገላብጦ አየውና ሳቀ። «ወይ አንተ! እኔ እኮ ከሐጅ ከተመለስኩ ወዲህ ዘፈን ትቻለሁ።»

እኔም ሳቅኩ፤ እፎይ አልኩ። እሱ ግን ሳቁን ዋጥ አደረገው።

«ለካሴት ብዬ የወጣሁ መስሎህ ነው?» አለኝ። «‹የሰይጣን ነው› ስትል እኮ ካሴቱን አልነበረም የምታየው። እኔን ነበር።»

እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሰናዳሁት ይቅርታ ለካሴቱ ነበር፤ ለዚህ አልሆነኝም። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«አዎ፣ አንተን ነበር» አልኩት።

ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «በል» አለኝ፣ «አሁን ይቅርታ ጠይቀኝ።»